ማኔ የዘለለው ደረጃ የለም

(ለታዳጊ ተጫዋቾች፣ ለወላጆችና ለአሰልጣኞች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ አሰልጣኞች፣ እናንተም ታኬታችሁን በፌስታል አንጠልጥላችሁ ከልምምድ በቀጥታ የመጣችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ! በር ላይ የቆማችሁ ግቡ፤ ከፊት ወንበር አለ፤ ማንም አይነክሳችሁም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ሴኔጋላዊው አጥቂ ስለ ሳዲዮ ማኔ ነው። ጎሎቹን አላወራም። ጎሎቹ ስልካችሁ ውስጥ አሉ፤ ከእኔ በላይ በቃላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። እኔ የማወራው ስልክ ላይ የማይታየውን ነው፤ ከባምባሊ እስከ ሊቨርፑል የት የት እንዳረፈ፣ በየማረፊያው ስንት እንደተከፈለበት፣ እንዲህ ያለ ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ፣ የቱ ጋ እንደተሰናከለ። ሦስት ነገር አነሳለሁ፦ መንገዱን፣ ወረቀቱን፣ ስህተቶቹን። ወረቀቱ ላይ ረዘም አድርጌ ስለምቆይ ወላጆች ካሁኑ እስክሪብቶ አዘጋጁ። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ፦ ዛሬ የምጠራው ዓመት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ይህን ማለት ለምን እንዳስፈለገኝ ወደ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

ከመንገዱ እንጀምር።

ማኔ ኤፕሪል 10 ቀን 1992 ባምባሊ በምትባል መንደር ተወለደ። ባምባሊ በደቡብ ሴኔጋል፣ ካዛማንስ በሚባለው አካባቢ ናት። ካርታ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ በዳካርና በካዛማንስ መካከል ጋምቢያ የምትባል ሌላ አገር እንደ ምላስ ገብታለች። የካዛማንስ ልጅ የገዛ አገሩን ዋና ከተማ በየብስ ለማየት ወይ የሰው አገር ያቋርጣል፣ ወይ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። አባቱ ኢማም ነበሩ። እሱ ሰባት ዓመቱ ሳለ ታመው ሞቱ፤ በመንደሯ ሆስፒታል አልነበረም። በ2021 ባምባሊ ላይ ሆስፒታል ተከፈተ። ማን እንዳሠራው ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ።

በ2002 የዓለም ዋንጫ መክፈቻ ሴኔጋል ሻምፒዮኗን ፈረንሳይን 1 ለ 0 ስትረታ ማኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ኳስ ተጫዋች መሆን ያልተመኘ የሴኔጋል ልጅ ማግኘት ይቸግራል። ታዲያ ምኞት ካልጠፋ፣ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ቤተሰቡ ኳስን እንደ ሥራ አላዩትም። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከጓደኛው ጋር ተማክሮ ወደ ዳካር ጠፋ። ፈልገው አገኙትና መለሱት። ልጆች፣ እዚህ ጋ ስሙኝ! ሲመለስ አኩርፎ አልተቀመጠም፤ ተደራደረ። ይህን የትምህርት ዓመት እጨርሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ትለቁኛላችሁ አለ። ዓመቱን ጨረሰ፤ ለቀቁት። ሁለተኛው ጉዞው ቤተሰቡ የሚያውቀው ጉዞ ነበር።

ለሙከራ ሲሄድ የሆነውን ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሮታል። በምዝገባው ቦታ የነበሩ አንድ ትልቅ ሰው ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ለሙከራ ነው የመጣኸው ብለው ጠየቁት። ታኬታው ተቀዶ የተሰፋ ነው። ቁምጣውም የኳስ ቁምጣ አይደለም። ያለኝ ይኸው ነው አላቸው። ሜዳ ከገባ በኋላ እኚያው ሰውዬ ጠርተው ለቡድናቸው መረጡት። አሰልጣኞች፣ ይህቺ ታሪክ ለልጆቹ ሳትሆን ለእናንተ ናት። በሙከራ ቀን ልጁን ቁምጣው አይቶ የሚመልስ ስንት አለ?

የገባበት አካዳሚ ጄኔራሲዮን ፉት ይባላል። ማዲ ቱሬ በ2000 መሠረቱት፤ ከ2003 ጀምሮ ከፈረንሳዩ ሜትዝ ክለብ ጋር ስምምነት አለው። ይህ ስምምነት ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ አውሮፓ የሚሄደው የማያውቀውን በር ሊያንኳኳ ሳይሆን ስሙን፣ ዕድሜውንና አጨዋወቱን አስቀድሞ የሚያውቅ ክለብ ዘንድ ነው። በዚሁ መስመር ዲያፍራ ሳኮ፣ ኢስማኢላ ሳር፣ ፓፔ ማታር ሳርና ላሚን ካማራም ሄደውበታል። አንድ ጎበዝ ልጅ ብርቅ አይደለም፤ በየዓመቱ ልጅ የሚያሳልፍ በር ነው ብርቁ።

ሜትዝ ሲገባ ማኔ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም። ከፈረንሳይ ለእናቱ ስልክ ደውሎ አውሮፓ ነኝ ሲላቸው አላመኑትም። የምን ፈረንሳይ፣ አንተ ሴኔጋል አይደለህም እንዴ አሉት። በቴሌቪዥን ታዩኛላችሁ ብሎ ነው ያሳመናቸው። ግን ቶሎ አልታየም! የብሽሽት ጉዳት ይዞት ወራት ከሜዳ ውጪ ቆየ። የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ ያደረገው በጃንዋሪ 2012 ነው፤ ያውም ተቀይሮ ገብቶ፣ ያውም በፈረንሳይ ሁለተኛ ዲቪዚዮን።

በዚያ የውድድር ዓመት ስንት ጎል አገባ? ገምቱ። አሥር? ስምንት? በ19 የሊግ ጨዋታ አንድ ጎል። አንድ! ቡድኑም ወደ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ዛሬ አንድ የእኛ ልጅ ከወረደ ቡድን አንድ ጎል ይዞ ቢመለስ ሰፈሩ ምን ይለው ነበር? ዕዳ ውስጥ የገባ ዘመድ ምን ይለው ነበር? ይህን የምጠይቀው በምክንያት ነው። ማኔ ያንን ዓመት የተሻገረው ቤት ሸጦ የላከው ሰው ስላልነበረ፣ ውል ያለው ተጫዋች ስለነበረ፣ ጉዳቱን የሚያክምለት ክለብ ስለነበረው ነው።

በ2012 ክረምት ለንደን ኦሊምፒክ ላይ ለሴኔጋል ተሰለፈ፤ ቡድኑ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ። ኦገስት 31 የኦስትሪያው ሬድ ቡል ሳልዝበርግ በ4 ሚሊዮን ዩሮ ገዛው።

ኦስትሪያ! ልጆቹ ሲስቁ አያለሁ። የኦስትሪያን ሊግ ማን ያያል? እሱ ግን እዚያ ሁለት ዓመት 87 ጨዋታ ተጫውቶ 45 ጎል አገባ። ሰማንያ ሰባት! በሃያ ዓመቱ ትልቅ ክለብ ገብቶ ተጠባባቂ ወንበር ቢያሞቅ ኖሮ ይህን ጨዋታ ከየት ያገኘው ነበር? ሌላው ጥቅም ስልቱ ነው። በአሰልጣኝ ሮጀር ሽሚት ዘመን ሳልዝበርግ ኳስ በተነጠቀ ቅጽበት ተረባርቦ መልሶ የሚነጥቅ ቡድን ነበር። ለአጥቂ ይህ ማለት ኳስ የጠፋችበት ጊዜ የእረፍት ጊዜ አይደለም ማለት ነው። በኋላ ሊቨርፑል ላይ ያደነቃችሁት ያ የማያቋርጥ ሩጫ የተገራው ሳልዝበርግ ነው። በ2013/14 ሊጉንም ዋንጫውንም ወሰዱ።

ሴፕቴምበር 2014 የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን፣ 11.8 ሚሊዮን ፓውንድ። እዚያ ነው ሜይ 16 ቀን 2015 አስቶንቪላ ላይ በ2 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ ሐትሪክ (ሦስት ጎል) የሠራው፤ የሊቨርፑሉ ሮቢ ፋውለር በ1994 ያስመዘገበውን የ4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ የፕሪምየር ሊግ ክብረ ወሰን ሰበረ። በ75 ጨዋታ 25 ጎል። ከዚያ ጁን 2016 ሊቨርፑል፣ 34 ሚሊዮን ፓውንድ። ሊቨርፑልን ላስታውሳችሁ አልፈልግም፤ 269 ጨዋታ፣ 120 ጎል፣ የ2019 ቻምፒየንስ ሊግ፣ ከ30 ዓመት በኋላ የመጣው ፕሪምየር ሊግ፤ በቃ።

በሊቨርፑል ያሠለጠኑት ዩርገን ክሎፕ ይህን ልጅ ቀድሞ የጀርመኑ ዶርትመንድ አሰልጣኝ ሳሉ አግኝተውት ነበር። ተቀምጠው አነጋገሩትና ሳይገዙት ቀሩ። ኮፍያውንና አለባበሱን አይተው ራፐር መሰለኝ፣ ተሳሳትኩ ብለው በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። ሴኔጋል ቁምጣው፣ ጀርመን ኮፍያው! የሰው ዓይን የትም አንድ ነው።

አሁን ዕድሜውን ደርድሩት። በ19 ዓመቱ የሜትዝ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ በ20 ሳልዝበርግ፣ በ22 ሳውዝሃምፕተን፣ በ24 ሊቨርፑል። ደረጃ አልዘለለም። ሁለት ሁለት ዓመት ገደማ እያረፈ ወጣ።

ወደ ወረቀቱ ልግባ። እስክሪብቶ!

አንደኛ፣ ዕድሜ። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ተጫዋች 18 ዓመት ሳይሞላው ከአገር ወደ አገር መዘዋወር አይችልም ይላል። ጥቂት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ወላጆች ከኳስ ጋር በማይገናኝ ምክንያት አገር ሲቀይሩ፣ ወይም ክለቡና የልጁ ቤት ድንበር አካባቢ ሲሆኑ። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ላሉት 16 ዓመት ይበቃል፤ ያ ግን የእነሱ ጉዳይ ነው፣ ለእኛ ልጅ አይሠራም። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ የ15 ዓመት ልጅዎን አውሮፓ ክለብ አስፈርማለሁ ቢልዎት፣ እናቴ፣ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልግዎትም። ወይ ሕጉን አያውቅም፣ ወይ እርስዎ እንደማያውቁት ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ወኪል። ከ2023 ጀምሮ የተጫዋች ወኪል ፊፋ ራሱ የሚሰጠውን ፈተና አልፎ ፈቃድ መያዝ አለበት፤ ስሙ በፊፋ ድረ ገጽ ላይ ይፈለጋል። የግብዣ ደብዳቤ ይዞ ቢመጣ ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ አትደውሉ። የክለቡን ስልክ ከክለቡ ድረ ገጽ ፈልጉና በዚያ ደውሉ። ለሙከራ፣ ለምዝገባ፣ ለቪዛ ማስኬጃ ብሎ አስቀድሞ ገንዘብ ከጠየቀ ንግግሩ እዚያ ጋ ያበቃል። ብዙ የአፍሪካ ልጆች በዚህ ዓይነት ሰው እጅ ገብተው፣ የቤተሰባቸውን ጥሪት አስረክበው፣ በባዕድ ከተማ አውቶቡስ ጣቢያ ቀርተዋል። ማኔ ወደ ሜትዝ የሄደው በክለብና በአካዳሚ መካከል ባለ ስምምነት ነው።

ሦስተኛው ለአሰልጣኞች ነው፤ እዚህ ጋ ብዙ ገንዘብ ይፈሳል። ተጫዋች በውሉ መካከል ከአንድ አገር ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በገንዘብ ሲሸጥ፣ ከሽያጩ 5 በመቶው ለአሳዳጊ ክለቦቹ ይከፋፈላል። ከ12ኛ ዓመት ልደቱ እስከ 23ኛ ዓመት ልደቱ ያሉት የውድድር ዓመታት ይቆጠራሉ። ከ12 እስከ 15 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ 5 በመቶ አንድ ሃያኛ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አሥረኛ። ደምሩት፤ አራት ሃያኛ ሲደመር ስምንት አሥረኛ፣ ሙሉ ይሞላል።

በቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ልጅ በ4 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ እንበል። 5 በመቶው 200 ሺህ ዩሮ ነው። 16ና 17 ዓመት በሞላባቸው ሁለት የውድድር ዓመታት እናንተ ጋ ከተመዘገበ፣ ሁለት ጊዜ 20 ሺህ፣ 40 ሺህ ዩሮ የእናንተ ነው። ከ12 እስከ 15 አራት ዓመት ካሳደጋችሁትም አራት ጊዜ 10 ሺህ፣ ያው 40 ሺህ። ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። በ30 ዓመቱ ቢሸጥም የሕፃንነቱ ክለብ ድርሻ አለው። ማኔ በ2022 ከሊቨርፑል ወደ ባየርን ሙኒክ ሲሄድ 30 ዓመቱ ነበር።

ሦስት ቦታ ላይ ግን ገንዘቡ ይቀራል። ውሉ አልቆ በነጻ ከሄደ ሽያጭ የለም፤ ድርሻም የለም። ቀድሞ ደግሞ በአንድ አገር ሁለት ክለቦች መካከል የሚደረግ ሽያጭ በዚህ ሕግ አይገዛም ነበር። ያ ከሳውዝሃምፕተን ወደ ሊቨርፑል የተከፈለው 34 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲህ ዓይነት ነው፤ በዚያን ጊዜ የፊፋ ሕግ ለውጭ አገር አሳዳጊ ክለብ ከእሱ ድርሻ አልቆረጠም። ከጁላይ 2020 ወዲህ ተሻሽሏል፤ አሳዳጊው ክለብ ሌላ አገር ካለ የአገር ውስጥ ሽያጭም ይቆጠራል። ሦስተኛው የሚያናድደኝ ነው፦ ልጁ በፌዴሬሽን ተመዝግቦ አልተገኘም! አሰልጣኙ አምስት ዓመት አሠልጥኗል፣ ትራንስፖርት ከኪሱ ከፍሏል፣ ወረቀት ግን የለም። ያልተመዘገበ ቡድን፣ ያልተመዘገበ ልጅ፣ ምንም አያገኝም። በየውድድር ዓመቱ መጀመሪያ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የምዝገባ ቀን፣ የለቀቀበት ቀን፣ የፌዴሬሽን ማኅተም። ኮፒውን ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ ያዙ። ልጁ ስንት ዓመት የት እንደነበረ የሚያሳየው የተጫዋቹ ፓስፖርት የሚባለው መዝገብ ከዚህ ነው የሚሠራው።

ከዚህ የተለየ የሥልጠና ካሳ የሚባል አለ። ልጁ የመጀመሪያውን የፕሮፌሽናል ውል ሌላ አገር ሲፈርም፣ ወይም 23 ዓመት እስኪሞላበት የውድድር ዓመት መጨረሻ ድረስ ከአገር አገር ሲዘዋወር ይከፈላል። በነጻ ቢሄድም እንኳ! አውሮፓ ውስጥ ክለቦች በአራት ምድብ ይከፈላሉ፤ ለአንድ የሥልጠና ዓመት ከ10 ሺህ እስከ 90 ሺህ ዩሮ። ከ12 እስከ 15 ላለው ዕድሜ በአብዛኛው ዝቅተኛው ምድብ ነው የሚታሰበው። ልጁን የወሰደው ክለብ ሦስተኛ ምድብ ከሆነ ዓመቱ 30 ሺህ ነው፤ ከ16 ጀምሮ ሁለት ዓመት ካሠለጠናችሁት 60 ሺህ ዩሮ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ፊፋ እነዚህን ክፍያዎች የሚያጣራ ማዕከል ፓሪስ ከፍቷል። ክርክር ከተነሳ ግን ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ የፊፋ ዳኞች አቤቱታ አይቀበሉም። ሁለት ዓመት! ልጁ ታዋቂ ሲሆን ትዝ ያለው አሰልጣኝ ብዙ ጊዜ አርፍዷል።

ስህተቶቹን በአጭሩ ላንሳ፤ ሰዓቱን እያየሁ ነው።

ኦገስት 2014 ሳልዝበርግ ለቻምፒየንስ ሊግ ማጣሪያ ከስዊድኑ ማልሞ ጋር ተገናኘ። በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ። ከመልሱ ጨዋታ በፊት ማኔ መሄድ ስለፈለገ ልምምድ ቀረ፤ ወደ ስዊድንም አልተጓዘም። ቡድኑ 3 ለ 0 ተሸንፎ ወደቀ። በሳምንቱ ውስጥ ሳውዝሃምፕተን ፈረመ። ለእሱ ሆነለት፤ እኔ ግን አልወድለትም። ውል ያለው ተጫዋች ከልምምድ ሲቀር ክለቡ መቅጣት ይችላል፤ ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ ልጁ በሁለት ወንበር መካከል መሬት ይቀመጣል። ሳውዝሃምፕተንም ሳለ ለቡድን ስብሰባ ዘግይቶ አሰልጣኙ ሮናልድ ኩማን ከቋሚ አሰላለፍ አውጥተውታል።

ፍጹም ቅጣት ምት ደግሞ አለ። በ2017 የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከካሜሩን ጋር በመለያ ምት የሳተው እሱ ነው፤ ሴኔጋል ተሰናበተች። በ2019 በዚያው ውድድር ሁለት ሳተና መምታቱን ለሌላ አሳልፎ ሰጠ። ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2022 ያውንዴ፣ ፍጻሜ፣ ከግብጽ ጋር፤ ገና በሰባተኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠ፤ በረኛው ጋባስኪ አዳነበት። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይቶ መለያ ምት ሲመጣ የመጨረሻዋን ኳስ ማን አነሳ? አገባት። ሴኔጋል በታሪኳ የመጀመሪያውን ዋንጫ ወሰደች። በሰባት ሳምንቱ ያችው ግብጽ፣ ያው መለያ ምት፣ የዓለም ዋንጫ ትኬት፤ አሁንም የመጨረሻዋን እሱ። ያ የዓለም ዋንጫ ግን አለፈው፤ በኖቬምበር ለባየርን ሲጫወት ከጉልበቱ በታች ባለው ቀጭን አጥንት ላይ ተጎዳና ኳታር ሳይጫወት ቀረ።

እሺ፣ የፈረንጁ አቆጣጠር። አልረሳሁም። አንተ ቀይ ማሊያ የለበስከው፣ ተነስ እስቲ። መቼ ተወለድክ? ጥቅምት 5 ቀን 2000 ዓ.ም.፤ ጎበዝ። ፓስፖርትህ ላይ ምን ሊጻፍ ይገባል? ኦክቶበር 16 ቀን 2007። አሁን አንድ ሰነፍ ጸሐፊ ዓመቱን ሳይቀይር 2000 ብሎ ቢገለብጠውስ? ይህ ልጅ በአንድ መስመር ሰባት ዓመት አረጀ! በታዳጊ ውድድር አይገባም፤ 18 ሲሞላው ወረቀቱ 25 ይላል፤ ለሥልጠና ካሳ የሚቆጠሩት ዓመታትም በወረቀት ላይ አልቀዋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ትደምራላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ደግሞ 8 ትደምራላችሁ። ቀኑና ወሩም ይቀየራል።

በተቃራኒው ሆን ብላችሁ ዕድሜ የምትቀንሱም አላችሁ፤ አትሳቁ። ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ በኤም አር አይ ይታያል። አጥንቱ የሚያድግበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተጋጠመ ልጁ ከ17 እንዳለፈ ይቆጠራል። አጥንት ጉቦ አይበላም።

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የልደት ካርዱን፣ የትምህርት ቤት መታወቂያውንና የክለብ መታወቂያውን ጎን ለጎን አስቀምጡና ሦስቱም ላይ ያለው ቀን አንድ መሆኑን እዩ። አንድ ካልሆነ ነገ ጠዋት ቀበሌ፤ ልጁ ስምንት ዓመት ቢሆነውም ነገ ጠዋት። አሁን ወደ ጥያቄ። ከኋላ ቅድም እጅዎን ያወጡት አባት፣ እርስዎ ይጀምሩ፤ ማይኩን አቀብሏቸው።